ላፕቶፑ ቤት ገባ፣ መዝገብ ቤቱ ቢሮ ቀረ

ጎንደር ውስጥ ኢንተርኔት ሲጠፋ ጥፋተኛው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ መስመሩ። ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ2015 መገባደጃ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ሲቋረጥ ያየ ሰው፣ ገጽ አልከፈት ሲለው «ዛሬም ጠፋ» ብሎ ኮምፒውተሩን ቢከድን አይፈረድበትም። እኔም ባለፈው እሑድ እንዲሁ አደረግሁ።

ሰኞ ጠዋት የሚደርስ የሩብ ዓመት የሒሳብ ሪፖርት ነበረብኝ። የመሥሪያ ቤቴን ላፕቶፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸክሜ ማራኪ ወደሚገኘው ቤቴ አመጣሁት። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው፤ የሚከፈት ነገር ግን የለም። ከአቦል እስከ በረካ ራውተሩን ሳጠፋና ሳበራ ቆየሁ። የእህቴ ልጅ ገብቶ ጥቂት ካየኝ በኋላ «ጋሼ፣ ስልክዎ በዚሁ ዋይፋይ ይሠራል?» አለኝ። ይሠራል። «እንግዲያው መስመሩ ምን አደረገዎት?»

ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነበር። ስልኩ በዚያው ዋይፋይ ከሠራ፣ ችግሩ ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ስልኩም ካልሠራ ራውተሩን ወይም የውጭውን መስመር መጠርጠር ይቻላል። ሲሞከር ግን የስልኩን የሞባይል ዳታ መዝጋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ስልኩ በዳታ እየሠራ ያታልላል።

ልጁ የላፕቶፑን የኔትወርክ ቅንብር ከፍቶ በ10 የሚጀምር የፕሮክሲ አድራሻ አሳየኝ። ነገሩን በቢሮ ቋንቋ ላስረዳ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ማንኛውም ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል ካልሆነ አይወጣም። ፕሮክሲ ማለት የኢንተርኔቱ መዝገብ ቤት ነው፤ አድራሻውም ከግቢው ውጭ አይታወቅም። የእኔ ላፕቶፕ ማራኪ ተቀምጦ ደብዳቤውን ይዞ ያንን መዝገብ ቤት ይፈልጋል። የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርኩ ውስጥ የሚታወቁበት ቁጥር፣ በእጅ ተሞልቶላቸው ቤት ሲደርሱ ግራ የሚጋቡ ላፕቶፖችም አሉ። የእነርሱ መፍትሔ አድራሻውን ከራውተሩ በራሳቸው እንዲቀበሉ ማድረግ ነው።

የፕሮክሲው መዝጊያ ግን ደብዝዟል፤ ቢነካ አይንቀሳቀስም። ቅንብሩን የሚያስተዳድረው ድርጅቱ ነው ይላል። የአይሲቲ ባለሙያው ስልክ እሑድ አይነሣም። ስለዚህ ሪፖርቱን በፍላሽ ወደ ልጁ ኮምፒውተር ገልብጬ በግል ኢሜይሌ ላክሁት። ለደኅንነት ተብሎ የተቆለፈ ላፕቶፕ፣ የመሥሪያ ቤቱን ሒሳብ ጨዋታ በሞላበት የተማሪ ኮምፒውተር በኩል አሳለፈው።

መቆለፉን አልቃወምም። እኔን መሰሉ ሠራተኛ ያገኘውን ሁሉ ቢነካካ ምን እንደሚፈጠር አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ ለደብዳቤ ቀን እንዲመቸኝ ብዬ የራሴን አሮጌ ኮምፒውተር ቀን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ሞልቼዋለሁ። ኮምፒውተሩ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመለሰና የድረ ገጾቹ የደኅንነት ሰርተፍኬት ሁሉ ገና ያልተሰጠ መሰለው። የባንኩንም የኢሜይሉንም ገጽ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ዘጋብኝ። ያን ጊዜም የረገምሁት መስመሩን ነበር። ፒያሳ የወሰድሁለት ጠጋኝ ደግሞ ሰዓቱን እንኳ ሳያይ «ፎርማት ይደረግ» አለኝ። ያ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ቢሆን ኖሮስ?

የምቃወመው ቆልፎ መርሳትን ነው። ላፕቶፕ ለቤት ሥራ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ከበር ከማስወጣቱ በፊት፣ ከቢሮው ኔትወርክ አላቅቆ በአንድ ስልክ ሆትስፖት ሊሞክረው ይገባል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በቪፒኤን፣ ማለትም ከውጭ ሆኖ ወደ ቢሮው ኔትወርክ በሚያስገባ የተጠበቀ መስመር፣ የሚሠራ ከሆነም ሠራተኛው እዚያው ፊት ለፊታቸው ከፍቶ ይግባ። ቅዳሜና እሑድ ሪፖርት የሚጠብቅ አለቃ፣ ቅዳሜና እሑድ ስልክ የሚያነሣ ባለሙያ መመደብም የእሱ ሥራ ነው። ይህ ሁሉ አዲስ ዕቃ መግዛት አይጠይቅም፤ የተፈረመበትን የንብረት መረከቢያ ቅጽ ያህል እንኳ አያደክምም።

ሰኞ ዕለት ባለሙያው ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ ፕሮክሲውን በአፍታ አነሣልኝ። «ቢሮ ሲገቡ ግን መልሰው ያብሩት፤ አለዚያ እዚህ አይሠራም» አለኝ።

የይለፍ ቃሉን ጠየቅሁት። ሣቀና ሄደ።