ከዕቅዱ የቀደመ ክልከላ

ክርክሩ የተነሣው የማኅበሩ ጠላ ሳያልቅ ነበር። በአንድ ወረዳ የመሬት ባለሙያ ሆኖ የሠራው ወዳጃችን፣ በ1997 የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ስለ ተዳፋት የደነገገው ሁሉ ትክክል እንደ ነበር አጥብቆ ተናገረ። ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ይውላል እንጂ አይታረስም፣ ልቅ ግጦሽም አይፈቀድበትም፤ ከ31 እስከ 60 በመቶ በሆነው ላይ ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው ጠረጴዛማ እርከን ሲሠራበት ብቻ ነው። 60 በመቶ ማለት 100 ሜትር ወደ ፊት ሲሄዱ 60 ሜትር ሽቅብ መውጣት መሆኑን በእጁ እያሳየ፣ «እዚያ ላይ በሬ መጥመድ አፈሩን ለወንዝ መሸኘት ነው» አለ።

በዕድሜ ሁላችንን የሚበልጡት፣ ገበሬ የነበሩት አባት ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ የአፈሩን መሄድ እኔም አይቻለሁ፤ ሜዳው አልደረሰኝም እንጂ ገደል ማረስ መች ወደድኩ?» በ1967 መሬት የሕዝብ ከሆነ በኋላ ለአባወራው የደረሰው ማሳ ለልጅ ሲሸነሸን እርሻው ወደ ተራራው መውጣቱን አስረዱ። ይበልጥ የሚያስቆጣቸው ግን ያው አዋጅ መሬቱ የተጎዳበት ባለይዞታ የመጠቀም መብቱን ያጣል ማለቱ ነበር።

ሕግ ያጠናው ሦስተኛው ሰው፣ አዋጁ በ2016 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ስለ ተተካ በሞተ ሕግ እየተከራከርን መሆኑን አስታወሰን። እውነቱን ነው፤ ሕጉ ቢሞትም ተዳፋቱ እዚያው ስለሆነ ግን ማንም ከቁብ አልቆጠረውም።

እኔ የምፈርደው ለሽማግሌው ነው፤ ምክንያቴ ግን ከእሳቸው ይለያል። የአዋጁ አንቀጽ 13 የሚጀምረው በክልከላ አይደለም፤ የአፈርን ዓይነት፣ የመሬትን አቀማመጥ፣ የአየርን ሁኔታ፣ የእፅዋትን ሽፋንና የነዋሪውን ኑሮ ያገናዘበ፣ ተፋሰስን የተከተለ መሪ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ሥልጣን ያለው አካል አዘጋጅቶ ሥራ ላይ እንዲያውል በማዘዝ ነው። ተዳፋቱን የሚመለከተው ክልከላ ከዚያ ትእዛዝ በኋላ ይመጣል። ባለሙያውን፣ በሠራበት ወረዳ ይህ ዕቅድ ተዘጋጅቶ እንደ ሆነ ጠየቅሁት። «የይዞታ ደብተር ስናድል ጊዜው አለቀ» አለኝ። እንግዲህ ገበሬው ማሳው የእሱ መሆኑን የሚመሰክር ደብተር እንጂ ተዳፋቱን ሲለቅ የት እንደሚዘራ የሚያሳይ ካርታ አልደረሰውም፤ መብት የማጣቱ ቅጣት ግን የተጻፈው በእሱ ላይ ነው።