ይድረስ ጠረጴዛዬ ላይ ላሉት ክቡር ፉርጎ

ጉዳዩ፦ ማንነትዎን እንዲያስረዱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እግርዎስ?

ከአዲስ አበባ በካርቶን ተጠቅልለው ጅማ ከገቡ ሦስት ሳምንት ሆነዎ። ሻጭዎ በስልክ «ቁርጥ ኦርጅናሉን!» ብሎ ምሎልኛል። የድሮው የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር የዕቃ ፉርጎ ሞዴል፣ በኤች ኦ መጠን፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ። እኔም ከፈልኩ። ስንት እንደከፈልኩ ለባለቤቴ አልነገርኩም። ይህ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ እዚህም አልጽፈውም።

ኮፒ መሆንዎ አልከፋኝም። ጨዋ ኮፒ ኮፒነቱን ሆዱ ሥር ጽፎ ይዞራል። የእርስዎ ሆድ ግን ባዶ ነው። እዚህ ጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ ስንገዛ መጀመሪያ እንገለብጠዋለን። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ይሁን በኮላ የተጣበቀ የሚታየው ከሥር ነው። ላዩንማ ማንም ያሳምረዋል። እርስዎንም ገለበጥኩዎ፣ ይቅርታ።

እግርዎን በማስመሪያ ለካሁት። የሚሄዱበት ሐዲድ ስፋቱ 16.5 ሚሊሜትር ነው። በ87 ሲባዛ 1.435 ሜትር ይመጣል። የድሮው ሐዲድ ግን 1 ሜትር ነበር፤ የእሱ ትክክለኛ ሞዴል መሄድ ያለበት 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ ነው። 1.435ማ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲሱ መስመር ልክ ነው! በቀለምዎ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰው ባቡር ወገን ነዎት፤ በእግርዎ የ99 ዓመት ታናሹ። ከወገብ በላይ አያት፣ ከወገብ በታች የልጅ ልጅ።

ዝገትዎስ? ዝገት ውሃ ከሚያቁርበት፣ ከመጋጠሚያና ከጠርዝ ነው የሚጀምረው። የእርስዎ ከጣሪያ እስከ ወለል እኩል ተለቅልቋል። ጠርጥሬ አሸተትኩት። ቡና! አተላ ቀብተው ነው ያስረጁዎ። በቡና አተላ የተቀባ ሽማግሌ ወደ ጅማ መላክ ድፍረት ይጠይቃል፣ አደንቃለሁ። ጎንዎ ላይ ያለው ቁጥርም ቀለሙ ከመወፈሩ የተነሳ 3 ስለው 8 ይሆንብኛል። እሱን እንለፈው።

ክብደትዎን ግን አላልፈውም። ሂርማታ ገበያ ይዤዎት ሄድኩ። ኮረሪማ የምገዛቸው እትዬ ሚዛናቸው ላይ አስቀመጡዎ። 41 ግራም።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ባዶውን ነው እንዴ?» አሉኝ።

የአሜሪካ የሞዴል ባቡር ብሔራዊ ማኅበር በእርስዎ መጠን ላሉ ፉርጎዎች የሚመክረው መነሻ 28 ግራም፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ኢንች ርዝመት 14 ግራም ግድም ነው። እርስዎ አራት ኢንች ተኩል ነዎት። ወደ 90 ግራም ይጠበቅብዎ ነበር። ለካ ኩርባው ጋ በደረሱ ቁጥር እየዘለሉ የሚወርዱት ለዚህ ነው። ትናንት ማታ ብቻ ስድስት ጊዜ ወረዱ። አንዱን ጊዜ ሽሮ ውስጥ።

እንግዳው ሁሉ ደግሞ ያደንቅዎታል። «ወይኔ፣ ልክ እውነተኛውን!» ይልዎታል። ባቡር እስከ ዛሬ ጅማ አልገባ፣ ማን ያጋልጥዎ? ልጄ ብቻ «አባዬ፣ ይሄ ፉርጎ ለምን ማኪያቶ ማኪያቶ ይሸታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ዝም አልኳት።

መልስዎን ጠብቄ ስለሰለቸኝ በራሴ እርምጃ ወስጃለሁ። ጣሪያዎን አንስቼ 50 ግራም ጥሬ ቡና ሞላሁብዎ። ከዚያ ወዲህ አንዴም አልወረዱም። የጅማ ቡና ከጅማ በባቡር ሲጫን የመጀመሪያው መሆኑ ነው፤ ክብሩ ለፎርጅድ ደረሰ። ምን ይደረግ?

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለኮረሪማዋ እትዬ
ለባለቤቴ (ዋጋው ተሰርዞ)