ጥለቱን የሠራው ሰውዬ

አርብ ማታ ነው። ከሥራ እንደወጣሁ ቤት ሳልገባ ቀጥታ ለንደን ውስጥ ወዳለው ሳውዝ ኬንሲንግተን ሄድኩ። ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም አርብ አርብ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ክፍት ነው። ያን ቀን የሄድኩት ግን አዳራሾቹን ልዞር አልነበረም። ናሽናል አርት ላይብረሪ የሚባለው የሙዚየሙ ቤተ መጻሕፍት ከመዝጊያ ሰዓቱ በኋላ ለአንድ ምሽት በሩን ከፍቶ የፋሽን ስብስቡን ሊያሳየን ነው። እንደ እኔ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ለሚውል ሰው ይህች ሰዓት ወርቅ ናት።

ካፖርትና ቦርሳ ውጭ ይቀራል። እስክርቢቶ ክልክል ነው፣ እርሳስ ብቻ። ነጭ ጓንት ይሰጡናል ብዬ ስጠብቅ "እጃችሁን ታጠቡና በደንብ አድርቁ፣ በቃ" አሉን። ጓንት ያጠለቀ ጣት ወረቀቱ በደንብ ስለማይሰማው ይቀደዳል አሉ። ከዚያ ረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች ላይ፣ በስፖንጅ ትራስ ተደግፈው የተዘረጉትን ገጾች እያየን መዞር ጀመርን።

መጀመሪያ የቆምኩት "ጋዜት ዱ ቦን ቶን" ፊት ነው። ፓሪስ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ1912 እስከ 1925 የታተመ የፋሽን መጽሔት ነው። ሥዕሎቹ ቀለም የተቀቡት በማሽን አይደለም። ለየቀለሙ ለብቻው ቅርጽ እየተቆረጠ፣ በዚያ ላይ በእጅ በብሩሽ ይቀባ ነበር። መቶ ዓመት አልፎት እንኳ ቀዩ ቀለም ትናንት የተቀባ ይመስላል። የሠዓሊው ስም አለ። ልብሱን የሰፋው ቤት ስምም አለ። ቀለሙን አንድ በአንድ የቀቡት ሰዎች ስም ግን የለም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ግን ያማረው አይደለም፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ልብስ ወሬ ነው። እንግሊዝ በ1941 ልብስ በኩፖን ማከፋፈል ጀመረች። ለመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ሰው 66 ኩፖን ነበር የሚደርሰው። በማግስቱ ዓመት መንግሥት የአዝራሩን ቁጥር፣ የኪሱን ብዛት፣ የቀሚሱን እጥፋት ሳይቀር ወሰነ። ይኼኔ የእናቴ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍና የስኳር ካርድ ትዝ አለኝ። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፤ ታዋቂ ዲዛይነሮች ለሕዝቡ ያወጡትን ያንን ቀላል የቁጠባ ልብስ ናሙና መንግሥት በዚያው በ1942፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ ለዚሁ ሙዚየም ሰጠ። ስኳርና ቅቤ በራሽን የሚከፋፈልበት አገር ነበር። ግን ነገ አንድ ሰው ምን እንለብስ እንደነበር ይጠይቃል ብለው አሰቡ።

አሁን ደግሞ ሌላ በር ከፍተዋል። ምሥራቅ ለንደን ውስጥ በ2025 የተከፈተው የሙዚየሙ ማከማቻ ማንም ሰው እስከ አምስት ዕቃ መርጦ በቀጠሮ በነፃ እንዲያይ ይፈቅዳል። ፕሮፌሰር መሆን አይጠበቅብህም።

እኛ ጋ ያለው ደግሞ ሌላ ሀብት ነው፣ ይህን ሳልል አላልፍም። ለንደን ውስጥ የመስታወት ሣጥን የገባ ጥበብ እኛ ጋ በጥምቀት መንገድ ይሞላል። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ የጥንቱን ልብስ አይተህ ስትወጣ፣ ሽቅብ ወደ ሽሮ ሜዳ ብትሄድ ዛሬም ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን ያመላልሳል። ብዙዎቹ ከጋሞ የመጡ ናቸው። ያን ሁሉ ጥለት የሚሠሩት ድሩን በጣታቸው እየቆጠሩ፣ ከጭንቅላታቸው ነው። ወረቀት የለም፣ ሥዕል የለም። ሰውየው ሲያልፍ ጥለቱም አብሮት ያልፋል። ይኼ ያመኛል። ቻይና ውስጥ በማሽን የታተመው አስመሳይ ጥበብ ገበያውን ሲሞላ፣ ዋናው የትኛው እንደነበር በምን እናመሳክራለን?

እዚያው የለንደኑ ሙዚየም ውስጥ የኛም ቀሚስ አለ። በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ነው። የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ነው፣ ሙዚየሙ ጥሩነሽ ብሎ ይጽፋቸዋል። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት፣ የልዑል ዓለማየሁ እናት። በ1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲሰብሩ ተወሰደ፣ እሳቸውም በዚያው ሰሞን መንገድ ላይ አረፉ። በፈረንጆቹ 2018፣ 150ኛ ዓመቱ ላይ፣ ለእይታ ሲቀርብ ሄጄ አይቼዋለሁ። ቀሚሱ አገሩ መግባት አለበት፣ እዚህ ላይ አልደራደርም። ያን ቀን ግን ሌላም ጥያቄ ይዤ ወጣሁ። የለበሱት ይታወቃሉ። የወሰደው ይታወቃል። ማን ጠለፈው?

ይህን ደግሞ እንግሊዝ ላይ ብቻ ልለጥፈው አልችልም። ሸማኔን፣ ቀጥቃጭን፣ ሸክላ ሠሪን በሥራው ስንሰድብ የኖርን ሰዎች ነን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው አትስደቡ ብለው አዋጅ እስኪያወጡ ድረስ ደርሰናል። የተሰደበ ሰው ስሙን ማን ይጽፍለታል? የፓሪሶቹ ቀለም ቀቢዎችም ስማቸው የቀረው ከዚህ ብዙ በማይርቅ ምክንያት ይመስለኛል።

የዚያኑ ሳምንት እሁድ እናቴ ጋ ደወልኩ።

"እማዬ፣ የሠርግሽ ቀሚስ አለ?"

"የት ይሄዳል? ሣጥን ውስጥ ነው። ምን ሆንሽ?"

"አውጪውና ጥለቱን ከላይ ጀምረሽ ንገሪኝ።"

የሣጥኑ ክዳን ሲንቋረር በስልክ ተሰማኝ። መነጽሯን ፈለገች። ከዚያ ቀስ እያለች ጀመረች፦ ቀጭን አረንጓዴ፣ ወርቅማ፣ እንደገና አረንጓዴ፣ መሃሉ ላይ መስቀል መስቀሉ፣ ሰባት ነው ስምንት፣ ቆይ ልቁጠረው። እኔ በእርሳስ እየሣልኩ እጽፋለሁ። ጀርባውንም ገልብጪና ፎቶ አንሺልኝ አልኳት፣ ክሩ እንዴት እንደተላለፈ የሚታየው በጀርባው ነው።

"የሠራው ማን ነበር?" አልኳት።

ዝም አለች። "ስሙን እንጃ የኔ ልጅ። የጨንቻው ነበር የምንለው። ሽሮ ሜዳ፣ ከወንዙ ወዲህ። ሦስት ሳምንት ነው የፈጀበት፣ አባትሽ እየተመላለሰ።"

ሥዕሉ ሥር ጻፍኩት። "የጨንቻው፣ ሽሮ ሜዳ፣ 1974 ዓ.ም.፣ ሦስት ሳምንት።" እናቴ የሠፈሩን ትልልቅ ሴቶች ልጠይቅ ብላለች፣ ስሙን የሚያስታውስ ካለ ትደውላለች።