ሰማይ አይታረስ፣ ባንክ አይታሰር

«ከሕግ በላይ ማንም የለም» ሲሉ ስሰማ ደሜ ይፈላል።

አንድ የኒውዮርክ ልጅ ነበር። በ2010 (በፈረንጆቹ) ቦርሳ ሰርቀሃል ተብሎ ተያዘ። ዕድሜው 16። ዋስትናው 3 ሺህ ዶላር። ቤተሰቡ ከየት ያምጣ? ሪከርስ ደሴት እስር ቤት ሦስት ዓመት ቆየ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ተዘግቶበት። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ። በመጨረሻ ምንም ሳይፈረድበት ክሱ ተነሳ፣ «ሂድ» ተባለ። በ2015 ራሱን አጠፋ።

ልጁ እዚያው እስር ቤት እያለ፣ 2012 መጨረሻ ላይ፣ ኤችኤስቢሲ የሚባለው ግዙፍ ባንክ የሜክሲኮ ዕፅ ነጋዴዎችን ገንዘብ ማሳለፉን አመነ። 1.9 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። ከአለቆቹ የታሰረ? አንድም የለም! ያው አገር፣ ያው ሕግ።

እንግሊዞቹም ቢሆኑ ያስቃሉ። ኮምፒውተር «ገንዘብ ጎድሏል» ስላለ ብቻ ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ሠራተኞችን ወንጀለኛ አሏቸው። የተበላሸው ሶፍትዌሩ ነበር። ፍርዱን በጅምላ የሚሽር ሕግ የወጣው በ2024 ነው። እስከዚያ ስንቱ ሞተ፣ ስንቱ ቤቱን አጣ።

ደቡብ ኮሪያ ፕሬዚዳንት ማሰር ታውቅበታለች፤ እሱን አልክድም። የሳምሰንጉ ወራሽ ጋ ስትደርስ ግን እጇ ይዝላል። በጉቦ ተፈርዶበት በ2022 ምሕረት ተደረገለት። ምክንያቱ? ኢኮኖሚው!

ፊንላንድ ግን በፍጥነት የነዳን ሰው እንደ ገቢው ትቀጣለች። ሀብታሞቹ ታዲያ እዚያም ያማርራሉ፤ «ፍትሕ የለም» ብለው።