ማስተካከያ፦ የቃሉ ወረዳ የገጠር ቤተሰብ ገቢ

ባለፈው ሳምንት የጻፍኩት ላይ ስህተት አለ። ኮምቦልቻን በከበበው የቃሉ ወረዳ ገጠር፣ የቤተሰብ ሚዲያን ገቢ (ቤተሰቦች በገቢያቸው ቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚውለው ቤተሰብ ገቢ) ከ1997 እስከ 2008 ዓ.ም. ከእጥፍ በላይ አደገ ብዬ ነበር። ልክ አይደለም።

ቁጥሩን የወሰድኩት ያኔ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ካወጣው የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት ነው። መልሼ ሳየው የወረዳው ሳይሆን የመላው አማራ ክልል ገጠር ነው። የሚለካውም ወጪን እንጂ ገቢን አይደለም፤ ገበሬው ከማሳው አምጥቶ የበላው ማሽላ ሳይቀር በብር ተተምኖ ይገባበታል። ደግሞም አማካይ እንጂ ሚዲያን አይደለም።

ይሄ ቀላል ልዩነት እንዳይመስላችሁ። እዚያው ወረዳ፣ ሐርቡ አካባቢ አምስት ቤተሰብ አለ እንበል። የዓመት ገቢያቸው 20፣ 24፣ 30፣ 36 እና 190 ሺህ ብር ነው። የመጨረሻው አይሱዙ አለው። አማካዩ 60 ሺህ ይመጣል፣ መሀል ላይ የቆመው ቤተሰብ ግን 30 ሺህ ነው የሚያገኘው። አንድ አይሱዙ ሰፈሩን በሙሉ ሀብታም አደረገው!

የዋጋ ንረቱንም ከቁጥሩ ላይ አልቀነስኩም። በ2000 ዓ.ም. ደሴ ገበያ እህል የሸመተ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጭማሪ ያልኩት በአብዛኛው የብሩ መርከስ ነው።

ቁጥሩን ፕሮፖዛል ውስጥ ያስገባችሁ ካላችሁ አውጡት። እኔም ቁጥሩ ያለበትን ሠንጠረዥ ካለፈው ሳምንት ጽሑፌ ላይ አውጥቼዋለሁ።