ክርክር፦ ልጄን ላስገርዝ ስል ጉግልን ልጠይቅ?

ወንድ ልጅ የወለዱ ወላጆች ስለ ግርዛት ኢንተርኔት ላይ ማንበባቸው ይጠቅማቸዋል ወይስ ግራ ያጋባቸዋል? ጥያቄውን ለሁለት ሰው ሰጠን። አንደኛዋ አዲስ አበባ በእናቶችና ሕፃናት ክፍል የሚሠሩ ነርስ ናቸው። ሌላው ሜሪላንድ የሚኖሩ የአንድ ልጅ አባት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነርሷ፦ እኔ ይቅርባቸው ባይ ነኝ። ንባብ ጠልቼ አይደለም። በቅርቡ አንዲት አራስ ልጇን በአንድ እጇ፣ ስልኳን በሌላው ይዛ መጣች። ሌሊቱን ስታነብ አድራለች። አንዱ ገጽ “ካላስገረዝሽው ለበሽታ ዳረግሽው” ይላታል። ሌላው “ካስገረዝሽው መብቱን ገፈፍሽው” ይላታል። ልጁ ተኝቷል፤ የምታለቅሰው እሷ ነች።

“ግርዛት ኤችአይቪን በ60 በመቶ ይቀንሳል” የሚለውን ሁሉም ይለጥፈዋል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን ጥናቶቹ የተሠሩት በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ፣ ባደጉ ወንዶች ላይ ነው። የሚቀንሰውም ወንዱ ከሴት የሚይዘውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ምክሩን የሰጠው ቫይረሱ ለተስፋፋባቸውና ግርዛት ብዙ ላልተለመደባቸው አገሮች ነበር። እኛ ጋ ከአሥር ወንድ ዘጠኙ የተገረዘ ነው። የግርዛት ዘመቻው፣ ልማዱ ብዙ በሌለበት ጋምቤላ ላይ ያተኮረውም ለዚህ ነው። ወገቧ ገና ያልጠና አራስ ይህን ሁሉ እንዴት አድርጋ ትለየው?

አባትየው፦ ሲስተር፣ እርስዎን የመሰለ ሰው አጠገቧ ያላት እናት ታድላለች። እኔ አልነበረኝም። ባለቤቴ በወለደች ማግስት ፎርም አመጡልን። ይገረዝ ወይስ አይገረዝ? ፈርሙ። አገር ቤት ቢሆን እናቴ ትጨርሰው ነበር። ደውዬ ብጠይቃት “ይሄ ደግሞ ምን ይጠየቃል?” ብላ ዘጋችብኝ።

ስለዚህ አነበብኩ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል፣ ግን ሁሉም ሕፃን ይገረዝ ለማለት አይበቃም፣ ወላጅ ይወስን አለ። ካናዳዎቹ በ2015 ሁሉን በዘልማድ መግረዝን አንመክርም አሉ። የሆላንድ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ በ2010 ወላጆች እንዲተዉት መምከር ይሻላል ብሎ ነበር። ሁሉም ሐኪሞች ናቸው፤ አልተስማሙም። እኔ በዚህ አልተረበሽኩም፤ እንዲያውም ቀለለኝ። የአባቴ ልጅ ነኝና አስገረዝኩት።

ንባቡ በጣም የጠቀመኝ ከዚያ በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን ዳይፐሩን ስንፈታ ጫፉ ላይ ቢጫ ነገር አየን። መግል መሰለን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፣ ባለቤቴ ጫማዋን አጥልቃለች። አንድ የሕፃናት ሆስፒታል ገጽ ላይ አገኘሁት፦ ስስ ቢጫ ሽፋን ቁስሉ ሲድን የሚታይ ነው፣ አትፈግፍጉት። ትኩሳት ካለው፣ መቅላቱ ከተስፋፋ፣ ደሙ ካልቆመ ወይም አልሸና ካለ ግን ሩጡ። ጫማዋን አወለቀች።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ ያነበቡት እኮ በእንግሊዝኛ ነው። እስቲ በአማርኛ “ግርዛት” ብለው ይፈልጉ። የሚግተለተልልዎ ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ነው፤ በሕግ የተከለከለው፣ እኛም የምንታገለው። አንድ ቃል ለሁለት ነገር! ያቺ አራስ ግማሹን የደነገጠችው “ወንጀል ነው” የሚል አንብባ ነው።

ከዚያ ደግሞ ቪዲዮው አለ። “የሕፃን ደም ከምንጊዜውም በላይ የሚረጋው በስምንተኛው ቀን ነው” ይላል። አራስ ልጅ ግን ደም እንዲረጋ የሚረዳው ቫይታሚን ኬ ያንሰዋል። እንደተወለደ መርፌ የምንወጋው ለዚህ ነው። ቤት ተወልዶ ያልተወጋ ልጅ፣ ቪዲዮውን አምነው ምላጭ ቢያሳርፉበትስ? የሽንት ቀዳዳው ከጫፉ ወረድ ብሎ የሚገኝ ልጅም አለ። እሱ አይገረዝም። ሸለፈቱ በኋላ በቀዶ ሕክምና ለመጠገኛ ይፈለጋል። ይህን ስልክ አያይም፤ ገልጦ የሚያይ ሰው ነው የሚያየው።

አባትየው፦ በቀዳዳው ረትተውኛል። ግን አማርኛው ጎደለ ተብሎ አታንብቡ ይባላል እንዴ? ይጻፍ እንጂ። ለምን ብሎ መጠየቅም የፈረንጅ አመል አይደለም። የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ኦሪትን ትከተላላችሁ ብለው ቢወቅሱን፣ አፄ ገላውዴዎስ በ1555 በሃይማኖት መግለጫቸው መልስ ሰጥተዋል። የምንገረዘው እንደ ሙሴ ሕግ ሳይሆን እንደ አገር ልማድ ነው፤ የኢትዮጵያና የኖባ ሰው ፊቱን እንደሚበጣ፣ የህንድ ሰው ጆሮውን እንደሚበሳ ነው አሉ። ንጉሥ ምክንያቱን ካስረዳ እኔስ ብጠይቅ?

ነርሷ፦ ምስክርዎ ለእኔ መሰከሩ! የአገር ልማድ ነው አሉ፣ አበቃ። የሕክምና ሰበብ አልደረደሩም። ልማዴ ነው ብሎ የሚመጣ ወላጅ ለእኔ ይመቸኛል። ስለ ማደንዘዣ እንነጋገራለን። ከቤተሰቡ ደሙ አልቆም የሚል ሰው እንዳለ እጠይቀዋለሁ። ከስልኩ ተምሮ የመጣው ግን ጥያቄዬን ሳልጨርስ ሊያስተምረኝ ይጀምራል።

አባትየው፦ እሱስ እውነት ነው፣ እኔም ሐኪሙን አስቸግሬዋለሁ። ግን ጀርመን ያሉትን ወገኖቻችንን ያስቡ። በ2012 የኮሎኝ ፍርድ ቤት የሕፃን ግርዛት አካልን መጉዳት ነው ሲል ሁሉም ሰማ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በወላጅ ፈቃድ የሚፈቅድ ሕግ መውጣቱንስ? ይህን ማን ቤታቸው ሄዶ ይንገራቸው?

ነርሷ፦ እሺ፣ ይጻፍ። የመጀመሪያው መስመር ግን “ከማንበብዎ በፊት ልጁን ያስመርምሩ” ይበል።

አባትየው፦ ሁለተኛውን እኔ እጽፋለሁ። “ቢጫው መግል አይደለም።”

ነርሷ፦ “አብዛኛውን ጊዜ” የምትል ቃል ይጨምሩባት።