ሄንድሪክስ ክሮቹን እንዳሉ አልተዋቸውም

በምርጥ አምስት ጊታሪስቶችህ ውስጥ ጂሚ ሄንድሪክስን አንደኛ አድርገህ፣ ምክንያቱን «የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጦ ክሮቹን ሳይነካ የተጫወተ ብቸኛው ሰው ስለሆነ» ብለሃል። ወንድሜ፣ አንደኝነቱን አልነካብህም፤ ምክንያቱ ግን ስህተት ነው።

ግራኝ ስለነበር መገልበጡ እውነት ነው። ክሮቹን ግን ፈትቶ እንደገና ይወጥራቸው ነበር፤ ወፍራሙ ከላይ፣ ቀጭኑ ከታች፣ እንደ ማንኛውም ጊታር። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ እኔን የሚገርመኝም እሱ ነው። ይጫወትበት በነበረው የኤሌክትሪክ ጊታር፣ በስትራቶካስተር ላይ፣ ከታችኛው የክር ማሰሪያ (ብሪጅ) አጠገብ ያለው ፒክአፕ፣ ማለትም የክሮቹን ንዝረት የሚቀበለው ክፍል፣ የተገጠመው በሰያፍ ነው። ጊታሩ ሲገለበጥ ሰያፉም አብሮ ይገለበጣል፤ ስለዚህ ወፍራሞቹ ክሮች ሰላ ይላሉ፣ ቀጭኖቹ ደግሞ ለስለስ። ከድምፁ ቀለም የተወሰነው የመጣው ከዚህ ነው።

ክሮቹን ሳይነካ የተጫወተው የብሉዝ ጊታሪስቱ አልበርት ኪንግ ነው። ሌላው የብሉዝ ጊታሪስት ኦቲስ ረሽም እንደዚሁ። ቀጭኑ ክር ከላይ ስለሚሆን፣ ሌላው ሰው ወደ ላይ የሚገፋውን ኪንግ ወደ ታች ይጎትተው ነበር፤ ያ የሚያለቅስ ድምፅ ጉልበቱ እዚያ ላይ ነው። ዝርዝርህ ውስጥ ግን የለም!

እኔም ግራኝ ነኝ። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የግራ ጊታር ከየት ይመጣል? የጓደኛዬን ገልብጬ ሞከርኩት። ክሮቹን ሳልቀይር አንድ ኮርድ በወጉ ለመያዝ ሳምንት ፈጀብኝ፤ ጎረቤቶቼ ይመስክሩ።

የሮሃ ባንዱን ሰላም ስዩምን ሦስተኛ ማድረግህን ግን ወድጄዋለሁ። ከዚያ ዝቅ ብታደርገው ነበር የምንጣላው።